የጎልፍ ሪዞርት ጥገና፦ ሙያውና መንገዱ

የጎልፍ ሪዞርት ከከተማ ሆቴል የሚለየው ጠጋኙ በሚያየው ነገር ብዛት ነው። የከተማ ሆቴል አንድ ሕንፃ ነው። ውኃው ከከተማው መስመር ይመጣል፣ ፍሳሹም ወደ ከተማው መስመር ይሄዳል፣ ግቢውም ብዙ ጊዜ ከመኪና ማቆሚያው አያልፍም። ሪዞርቱ ግን ከእንግዳ ክፍሎቹ ሌላ መዋኛ ገንዳ፣ ምግብ ቤቶች፣ ስፓ፣ የልብስ ማጠቢያ፣ የኤሌክትሪክ ጋሪዎች፣ የማጨጃ ማሽኖች፣ ኩሬና የፓምፕ ጣቢያ አለው። አንዳንዱ የራሱን ጉድጓድ ቆፍሮ የራሱን ፍሳሽ ያጣራል። ባለ 18 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ ብቻውን 60 ሄክታር ገደማ መሬት ይይዛል። ይህን ሁሉ በሥራ ላይ የሚያቆየው ክፍል የአንድ ትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት የሚሠራውን ያህል ይሠራል፤ የሚታወሰው ግን አንድ ነገር ሲበላሽ ብቻ ነው።

በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና የሚገኘው ፓይንኸርስት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ሪዞርቱን እ.ኤ.አ. በ1895 የመሠረተው በሶዳ መሸጫ ማሽን የከበረው የቦስተኑ ጀምስ ዎከር ተፍትስ ነው (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመቶችም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ካሮላይና የሚባለው ዋና ሆቴሉ በ1901 ተከፍቶ እስከ ዛሬ እንግዳ ይቀበላል። ዶናልድ ሮስ የነደፈው ቁጥር 2 ሜዳ በ1907 ተጠናቆ በ1999፣ በ2005፣ በ2014 እና በ2024 የአሜሪካ ኦፕን ውድድርን አስተናግዷል። ዐሥረኛው ሜዳ የተከፈተው በ2024 ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ተቀጥሮ የሚሠራ ቴክኒሻን ጠዋት ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ሕንፃ ውስጥ ቧንቧ ሊፈታ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ገና ዋስትናው ያላለቀ የፓምፕ መቆጣጠሪያ ፊት ሊቆም ይችላል። ሙያውን ለመማር ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

ለሥራው አዲስ የሆነ ሰው በመጀመሪያ ማወቅ ያለበት ጥገናው በአብዛኛው ለሁለት የተከፈለ መሆኑን ነው። የሕንፃው ወገን በአሜሪካ ሆቴሎች «ኢንጂነሪንግ» ይባላል፤ አለቃው ቺፍ ኢንጂነር ነው፤ ሹመቱ የምህንድስና ዲግሪ የግድ አይጠይቅም። የሜዳው ወገን ደግሞ በሜዳው ኃላፊ፣ በሱፐርኢንተንደንቱ፣ ሥር ነው። በዚያ በኩል ሣር አጫጆች፣ የመስኖ ቴክኒሻኖችና የማሽን መካኒኮች አሉ። ሁለቱ ክፍሎች የተለያየ በጀት፣ የተለያየ መጋዘንና የተለያየ ሰዓት አላቸው። የሜዳው ሰው ጎህ ሳይቀድ ይገባል፤ የሕንፃው ሰው በፈረቃ ቀንና ሌሊት ይሠራል። አንዱን ወገን ብቻ አውቆ ጡረታ የሚወጣ ብዙ ነው። ሁለቱንም የቀመሰ ግን ጥቂት ስለሆነ ተፈላጊ ነው።

የመግቢያው በር ሰፊ ነው። በአብዛኛው የሚጠየቀው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት፣ መንጃ ፈቃድ፣ ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚያሳይ ማጣሪያና ከባድ ዕቃ ለማንሳት የሚችል ጉልበት ነው። ብዙዎች በቀጥታ በጥገና አይጀምሩም፤ ከጽዳት፣ ከልብስ ማጠቢያ ወይም ከጋሪ ማቆያው ተዛውረው ይገባሉ። በአሜሪካ ሆቴሎች በእነዚህ ሥራዎች የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ስለሆኑ ይህ የውስጥ መንገድ ለእነሱ ቅርብ ነው። ክፍት ቦታ ለውጭ አመልካች ከመውጣቱ በፊት ለውስጥ ሠራተኛ መለጠፉ የተለመደ ነው፤ የጥገና አለቃውም የሚያውቀውን ሰው ይመርጣል።

የመጀመሪያው ዓመት ሥራ ትንንሽ ነው። የተደፈነ ሽንት ቤት፣ የማይቀዘቅዝ ክፍል፣ ባትሪው ያለቀ የካርድ ቁልፍ፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ የተቃጠለ አምፖል ይመጣል። እያንዳንዱ ጥሪ በኮምፒውተር ወይም በስልክ በሥራ ትእዛዝ መልክ ይገባል፤ ሠራተኛው ሄዶ ይሠራል፣ የሠራውን ይጽፋል፣ ይዘጋል። ስለ ሥነ ሥርዓቱም ትምህርት አለ፤ ሦስት ጊዜ አንኳኩቶ ማንነትን መናገር፣ እንግዳ ካለ ፈቃድ መጠየቅ፣ የሚያቆሽሽ ሥራ ከሆነ ጨርቅ ማንጠፍ፣ ሲጨርሱ ቆሻሻን ይዞ መውጣት። እጁ ጎበዝ ሆኖ በዚህ የሚሰናከል ሰው ጥቂት አይደለም። እንግዳው ስለ ኮምፕሬሰሩ አያውቅም፤ ምንጣፉ ላይ የቀረውን የጫማ አሻራ ግን ያያል።

በዚህ ደረጃ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ ይለያል። አንደኛው ጥሪ ሲመጣ ይሮጣል፤ ፈጣን ነው፣ ይወደዳል፣ ከዓመት ዓመትም እዚያው ይሮጣል። ሁለተኛው 214 ቁጥር ክፍል በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ መጥራቱን ልብ ይላል፤ የጠብታ መሰብሰቢያው መደፈኑን ያያል፤ ከዚያ በዚያ ፎቅ ያሉትን ማቀዝቀዣዎች ሁሉ ከፍቶ ያጸዳል። የቅድመ መከላከል ጥገና የሚባለው ይኸው ነው። ብዙ ሆቴሎች እያንዳንዱን ክፍል በየሩብ ዓመቱ በዝርዝር መዝገብ ይፈትሻሉ፤ ማጣሪያ ይታጠባል፣ የመታጠቢያ ቤቱ ሲሊኮን ይታያል፣ የበሩ ማጠፊያ ይጠብቃል፣ የሶኬቱ መሬት ይለካል። የዚህ ሥራ ችግሩ ውጤቱ አለመታየቱ ነው፤ ያልመጣ ጥሪ ማንም አያመሰግንበትም። ስለዚህ መዝገቡ ዋጋ አለው። የጥሪዎች ቁጥር ከዓመት ዓመት መውረዱን በጽሑፍ ማሳየት የቻለ ሠራተኛ ከፍ ላለ ደረጃ ሲያመለክት ከአፍ ምስክርነት የተሻለ ነገር በእጁ አለ።

ከዚህ በኋላ ያለው ዕድገት በአንድ ጥያቄ ይወሰናል፦ ሠራተኛው የትኛውን ሥርዓት ብቻውን እንዲይዝ ይታመናል? ኤሌክትሪክ፣ ማቀዝቀዣ፣ ውኃ፣ እሳት፣ ማሽን፣ መስኖ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አደጋና የራሳቸው ወረቀት አላቸው።

በኤሌክትሪክ መጀመር ይገባል፣ ምክንያቱም ስህተቱ ሁለተኛ ዕድል ላይሰጥ ይችላል። በኢትዮጵያ የሠለጠነ ባለሙያ ያደገው በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው የግድግዳ ሶኬት 120 ቮልት ሲሆን ድግግሞሹ 60 ኸርዝ ነው፤ የልብስ ማድረቂያና የውኃ ማሞቂያ በ240 ይሠራሉ። በትላልቅ ሕንፃዎች ባለ ሦስት ፌዝ 208 እና 480 ቮልት፣ ለመብራት ደግሞ 277 ቮልት ይገኛል። የቀለሙም ነገር ይለያል። ሰማያዊን ኒውትራል አድርጎ የለመደ ሰው እዚያ ነጩ ኒውትራል፣ ጥቁሩ ደግሞ ኃይል የተሸከመ መሆኑን ከልቡ ማስገባት አለበት። የሽቦው ውፍረት በሚሊ ሜትር ካሬ አይነገርም፤ በቁጥር ይነገራል፣ ቁጥሩ ሲያንስም ሽቦው ይወፍራል። ይህ ሁሉ በሳምንታት የሚለመድ ነው፤ እስኪለመድ ድረስ ግን በቴስተር ሳይለኩ መንካት አይገባም።

የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ1989 ያወጣው ደንብ ይህን ጥንቃቄ ወደ ሕግ ቀይሮታል። አንድ ማሽን ከመከፈቱ በፊት የኃይል ምንጩ ይዘጋል፣ የሚሠራው ሰው የግል ቁልፉን ይቆልፍበታል፣ ስሙ ያለበት ካርድ ይንጠለጠላል፣ የታመቀ ግፊትም ካለ ይለቀቃል። ከዚያ ማሽኑ በእርግጥ መሞቱ ይፈተናል። ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ቴስተሩን በመጀመሪያ ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ቦታ፣ ቀጥሎ በሚሠሩበት፣ በመጨረሻም እንደገና በሚታወቀው ቦታ ይሞክራሉ፤ ቴስተሩ ራሱ መሃል ላይ ሞቶ ሊሆን ይችላልና። የቁልፉ ባለቤት ሳይመጣ ሌላ ሰው ቁልፉን አይሰብርም። በብዙ ቦታ «ለአንድ ደቂቃ ነው» ተብሎ የሚታለፈው ይህ የመቆለፍ እርምጃ ነው፤ በጥሩ ሪዞርት ግን ለአንድ ደቂቃ የዘለለ ሰው ሥራውን ሊያጣ ይችላል፤ ተገቢም ነው።

ማቀዝቀዣ ትልቁ የዕድገት በር ነው። በ1990 የተሻሻለው የንጹሕ አየር ሕግን ተከትሎ ማቀዝቀዣ ጋዝ የሚነካ ቴክኒሻን ሁሉ በአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የታወቀ የምስክር ወረቀት እንዲይዝ ግዴታ ሆኗል፤ በሕጉ አንቀጽ ቁጥር «608» ተብሎ ይጠራል። ወረቀቱ አራት ዓይነት ነው፤ ለትንንሽ ዕቃዎች፣ ለከፍተኛ ግፊት፣ ለዝቅተኛ ግፊት፣ ሁሉንም አጠቃሎ የያዘው ደግሞ «ዩኒቨርሳል» ይባላል። እያንዳንዱ የፈተና ክፍል 25 ጥያቄ አለው፤ 18ቱን የመለሰ ያልፋል። ትምህርት ቤት መግባትን አይጠይቅም፣ የጊዜ ገደብም የለውም፤ አንዴ የተያዘ ወረቀት ለዘለቄታው ነው። ከሚከፍተው በር አንጻር ይህን ያህል ርካሽ ወረቀት በሙያው ውስጥ የለም፤ ብዙዎች ለዓመታት ሳይወስዱት መቆየታቸው ግራ ያጋባል።

ይህ መስክ በለውጥ ላይ ነው። አር 22 የሚባለው የቆየ ጋዝ በአሜሪካ ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ አይመረትም፣ ከውጭም አይገባም። እሱን የተካው 410ኤ ደግሞ በተራው እየወጣ ነው፤ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ለቤቶችና ለትንንሽ ንግድ ቤቶች በዚህ ጋዝ የሚሠራ አዲስ ማቀዝቀዣ ማምረት ቆሟል። ቦታቸውን የያዙት አር 32 እና 454ቢ ከባቢ አየርን የሚያሞቁት እጅግ ባነሰ መጠን ነው፤ ይሁን እንጂ በመጠኑ ተቀጣጣይ ናቸው። ስለዚህ ብየዳው፣ የጋዝ መሰብሰቢያ ማሽኑ፣ የሲሊንደር አያያዙ ሁሉ ይለወጣል። ለዓመታት 410ኤ ብቻ ሲሞላ የኖረ አንጋፋና ትናንት የተመረቀ ወጣት በአዲሱ ጋዝ ፊት ከሞላ ጎደል እኩል ናቸው።

ውኃ ከሁሉም ሰፊው ነው፤ አደጋውም በዓይን አይታይም። በሐምሌ 1976 በፊላደልፊያ ቤልቪዩ ስትራትፎርድ ሆቴል የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ጉባኤ አደረገ። ከተሰብሳቢዎቹ 182 ያህል በማይታወቅ የሳንባ ምች ታመሙ፣ 29ኙ ሞቱ። እንግዳ የራቀው ሆቴል በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ተዘጋ። ተጠያቂው ባክቴሪያ በ1977 መጀመሪያ ላይ ተለይቶ ታወቀ፤ ከማኅበሩ ስም ተወስዶ ሌጅዮኔላ ተባለ። ባክቴሪያው ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ይራባል፤ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማዋል። ሰውን የሚይዘው በብዛት ሲጠጣ አይደለም፤ ከገላ መታጠቢያ፣ ከፏፏቴ፣ ከሙቅ ገንዳ ወይም ከማቀዝቀዣ ማማ የሚወጣው ጉም ወደ ሳንባ ሲገባ ነው።

ሪዞርት በዚህ ረገድ ከከተማ ሆቴል የበለጠ ይጋለጣል፣ ምክንያቱ ወቅታዊነቱ ነው። እንግዳ በሚሳሳበት ወር ሙሉ አንድ ክንፍ ይዘጋል፤ በቧንቧው ውስጥ የቆመው ውኃ ክሎሪኑን ያጣል፣ ሙቀቱም ባክቴሪያው ወደሚወደው ደረጃ ይወርዳል። ስለዚህ ባዶ ክፍሎች እየተዞሩ ቧንቧዎቻቸው ይከፈታሉ፣ ውኃው ለተወሰነ ደቂቃ ይፈስሳል፣ ይመዘገባል። ሙቅ ውኃ በማጠራቀሚያው ውስጥ 60 ዲግሪ ገደማ ይቀመጣል፤ ይህ ሙቀት ግን ቆዳን በሰከንዶች ውስጥ ስለሚያቃጥል ወደ እንግዳው ከመድረሱ በፊት በማደባለቂያ ቫልቭ ከ50 በታች ይወርዳል። እዚህ ላይ የጀማሪ ስህተት የታወቀ ነው፤ እንግዳ ስለ ሙቅ ውኃ ሲያማርር ቫልቩን መፈተሽ ትቶ የማጠራቀሚያውን ሙቀት መነካካት። በ2015 የአሜሪካ የማሞቂያና ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ለሕንፃዎች የሌጅዮኔላ መከላከያ ዕቅድ የሚጠይቅ መመዘኛ አውጥቷል። ይህን ዕቅድ አንብቦ የሚረዳና መዝገቡን የሚይዝ ቴክኒሻን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ለአለቃው የማይተካ ሰው ይሆናል።

መዋኛ ገንዳ የዚሁ የውኃ ሥራ ቅርንጫፍ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል በገንዳ ውስጥ ቢያንስ በሚሊዮን 1፣ በሙቅ ገንዳ ደግሞ ቢያንስ 3 ክፍል ነፃ ክሎሪን እንዲኖር፣ ፒኤቹም ከ7.0 እስከ 7.8 እንዲሆን ይመክራል። ሁለቱ ቁጥሮች የተያያዙ ናቸው፤ ፒኤቹ ከፍ ካለ ክሎሪኑ በመለኪያ እየታየም ጀርም የመግደል ኃይሉ ይደክማል። የሙቅ ገንዳ ሙቀት ከ40 ዲግሪ እንዲያልፍ አይፈቀድም። ክሎሪንና አሲድ በአንድ መደርደሪያ አይቀመጡም፤ ከተገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣቸዋል። የገንዳ ኦፕሬተር የምስክር ወረቀት በጥቂት ቀን ሥልጠና የሚገኝ ሲሆን ለ5 ዓመት ያገለግላል። በብዙ ግዛቶች የሕዝብ ገንዳ ያለዚህ ወረቀት ባለቤት አይከፈትም። ስለዚህ ወረቀቱን የያዘው ሠራተኛ በእረፍት ቀኑ እንኳ ስሙ በግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይውላል።

የእሳት ጉዳይ በአጭሩ ሊነገር ይችላል፣ ትምህርቱ ግልጽ ስለሆነ። በኅዳር 1980 በላስ ቬጋስ ኤምጂኤም ግራንድ ሆቴል በአንድ ምግብ ቤት ውስጥ በደንብ ባልተገጠመ የማቀዝቀዣ ኤሌክትሪክ ሽቦ የተነሣ እሳት 85 ሰው ገደለ። ብዙዎቹ የሞቱት ከእሳቱ ርቀው በላይኞቹ ፎቆች ላይ በጭስ ታፍነው ነው፤ ጭሱ በሊፍትና በደረጃ ቀዳዳዎች ወጥቶባቸው። በካዚኖው ውስጥ የውኃ መርጫ አልነበረም። ኔቫዳ በማግስቱ ዓመት ነባር ሕንፃዎችም መርጫ እንዲገጠምላቸው ሕግ አወጣች። የጥገና ሠራተኛ ከዚህ የሚይዘው ሁለት ነገር ነው። በግድግዳ ውስጥ አልፎ የሚርገበገብ ሽቦ ለዓመታት ዝም ብሎ ይቆያል እንጂ ደኅና አይደለም። ቧንቧ ለማሳለፍ የተበሳ የግድግዳ ቀዳዳም በእሳት ከለላ ማሸጊያ ሳይደፈን ከተተወ የጭስ መንገድ ነው።

ወደ ሜዳው ሲወጣ ሥራው መልኩን ይለውጣል። በሜዳው ጋራዥ ውስጥ ዋናው ሰው የማጨጃ መካኒኩ ነው። የጎልፍ ሜዳ ማጨጃ እንደ ተራ የግቢ ማጨጃ በሚሽከረከር ምላጭ አይቆርጥም፤ ጠመዝማዛ ምላጮች ያሉት ሲሊንደር ከታች ካለ ቋሚ ምላጭ ጋር እየተገናኘ እንደ መቀስ ይቆርጣል። አሠራሩን በ1830 የፈለሰፈው በእንግሊዝ ስትራውድ የነበረው ኤድዊን በዲንግ ሲሆን መርሁ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ኳሱ ወደ ጉድጓድ በሚገባበት ግሪን ላይ ሣሩ የሚታጨደው ወደ 3 ሚሊ ሜትር ቁመት ነው። በዚህ ቁመት ላይ የፀጉር ያህል ስህተት በዓይን ይታያል። መካኒኩ ሁለቱን ምላጮች ካቀራረበ በኋላ ቀጭን ወረቀት በመሃላቸው አስገብቶ ሲሊንደሩን በእጁ ያዞራል፤ ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር በንጹሕ ከተቆረጠ ማሽኑ ተዘጋጅቷል። የደነዘ ምላጭ ሣሩን ይቦጭቀዋል፤ ጫፉ ይነጣል፣ ለበሽታም ይጋለጣል። ግልጽ የሆነውን ምክንያት ትቶ በሽታውን በመድኃኒት ሲያሳድድ የከረመ ሜዳ ብዙ ነው።

የዚህ ጋራዥ ትልቁ ፍርሃት የሃይድሮሊክ ዘይት ነው። የተበጠሰ ጎማ ቱቦ ትኩስ ዘይት በግሪኑ ላይ ካፈሰሰ ሣሩ በማሽኑ መንገድ ልክ ይቃጠላል፤ ቡናማው መስመር ለሳምንታት ይታያል፣ የተጫዋቾች ፎቶ ላይም ይገባል። ስለዚህ መካኒኩ ቱቦዎችን ሳይበጠሱ ይቀይራል፣ ቺንጋ ሳይላላ፣ ኩሽኔታም ድምፅ ማሰማት ሳይጀምር ይለውጣል። ጊዜው የጠበበ ነው፤ ማሽኖቹ ጎህ ሳይቀድ መውጣት አለባቸው፣ የመጀመሪያው ተጫዋች ከመድረሱ በፊትም ግሪኖቹ ማለቅ አለባቸው። በአሜሪካ ይህን ሙያ የሚያውቅ ሰው እጥረት አለ፤ በመኪና ጋራዥ ያደገ መካኒክ ለመሸጋገር የሚያስፈልገው የምላጭ መሳልና ማስተካከል ልምድ ነው። በ1926 በኦሃዮ የተመሠረተው የሜዳ ኃላፊዎች ማኅበር ለማሽን መካኒኮችም የራሳቸውን የምስክር ወረቀት ይሰጣል።

መስኖ ውኃና ኤሌክትሪክ የሚገናኙበት ስለሆነ ለሕንፃ ቴክኒሻን ጥሩ መሸጋገሪያ ነው። የፓምፕ ጣቢያው በድግግሞሽ መቆጣጠሪያ ይሠራል፤ መስመሩ ውኃ ሲፈልግ ሞተሩ ይፈጥናል፣ ሲቀንስ ይዘገያል፣ ግፊቱ ሳይናወጥ ይቆያል። ከዚያ ከመሬት በታች ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም ቧንቧና ሽቦ አለ። ሌሊት ሥራ ላይ የዋለው መርጫ ጠዋት የማይሠራ ከሆነ ችግሩ ቫልቩ፣ ሽቦው፣ ከኮምፒውተሩ የሚላከውን ኮድ የሚያነበው ዕቃ ወይም ኮምፒውተሩ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ መቆፈር የመጨረሻው አማራጭ ነው። መብረቅ በሚበዛበት አገር ደግሞ አንድ ማዕበል በአንድ ሌሊት ብዙ መቆጣጠሪያ ሊያቃጥል ይችላል።

የፓይንኸርስት ቁጥር 2 ሜዳ ታሪክ እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራል። በ2010 እና በ2011 ቢል ኩርና ቤን ክሬንሾው ሜዳውን ወደ ቀድሞ መልኩ ሲመልሱ 14 ሄክታር ገደማ ሣር አንስተው አሸዋና የአካባቢው ቁጥቋጦ ተኩበት። ከ1,150 ያህል መርጫዎችም 450 ገደማ ብቻ ቀሩ። የሚጠገን ዕቃ በዚህ መጠን ሲቀንስ የውኃው፣ የኃይሉና የጉልበቱ ወጪ አብሮ ይቀንሳል። ብዙ ሰው ዘመናዊነትን ዕቃ መጨመር አድርጎ ያስበዋል። ለጥገና ሰው ግን ካልተገጠመ ዕቃ የሚሻል አስተማማኝ ዕቃ የለም፤ በዲዛይን ውይይት ላይ የመቀመጥ ዕድል ያገኘ ቺፍ ኢንጂነር ይህን ደፍሮ መናገር አለበት።

ጋሪዎቹ ራሳቸውን የቻሉ ዓለም ናቸው። የተለመደው ባለ 48 ቮልት ጋሪ 8 ቮልት የሆኑ ስድስት የእርሳስ ባትሪዎች ይይዛል። የተጣራ ውኃ የሚሞላው ቻርጅ ከተደረገ በኋላ ነው፤ በፊት ከተሞላ ሲሞቅ አሲዱ ይፈስሳል። ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ስለሚወጣ ማቆያው መናፈስ አለበት፣ ብልጭታም አይፈቀድም። ሊቲየም ባትሪ ይህን ሁሉ አስቀርቷል፤ ውኃ አይሞላም፣ አይዝግም። ነገር ግን ብልሽቱ በካቻቢቴና በፒንሳ አይገኝም፣ በላፕቶፕ ይነበባል። ስለዚህ የጋሪ ሠራተኛ ሆኖ የጀመረ ወጣት ዛሬ የሚማረው ሙያ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው በጣም ይለያል።

በዚህ መንገድ ሁለት ሦስት ሥርዓት በእጁ ያስገባ ሠራተኛ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ባለው ጊዜ ወደ ፈረቃ መሪነትና ወደ ረዳት ቺፍነት ይደርሳል። ትምህርት በጎን መቀጠል ይቻላል፤ በዚያው በፓይንኸርስት የሚገኘው ሳንድሂልስ የማኅበረሰብ ኮሌጅ የጎልፍ ሣር አያያዝን ያስተምራል፣ በሌሎችም ግዛቶች የማኅበረሰብ ኮሌጆች የማቀዝቀዣና የኤሌክትሪክ ኮርስ በማታ ይሰጣሉ። የክፍያውን ሁኔታ የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ የ2023 መረጃ ያሳያል። የአጠቃላይ ጥገና ሠራተኛ መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 47 ሺህ ዶላር ገደማ፣ የማቀዝቀዣ ቴክኒሻን 57 ሺህ፣ የኤሌክትሪሺያን 62 ሺህ ገደማ ነበር። በአንድ ሙያ ላይ ወረቀት የመያዝ ጥቅም በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ልዩነት ይለካል። በላስ ቬጋስና በሌሎች ትልልቅ ከተሞች የሆቴል ኢንጂነሮች በ1896 በተመሠረተው የኦፕሬቲንግ ኢንጂነሮች ማኅበር ሥር ስለሚደራጁ ክፍያውና የጤና ዋስትናው ይሻላል፤ ገጠር ያሉ ሪዞርቶች ደግሞ አንዳንዴ ደመወዙን በመኖሪያ ቤትና በምግብ ያካክሳሉ።

ከኢትዮጵያ በቴክኒክና ሙያ ደረጃ 3 ወይም 4 ጨርሶ፣ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) አልፎ የሄደ ባለሙያ ወረቀቱ በቀጥታ እንደማይተካለት ማወቅ አለበት። የኤሌክትሪሺያን ፈቃድን የሚሰጠው ግዛቱ ወይም ከተማው ነው፤ ብዙ ቦታ የሚጠየቀው ወደ 8,000 ሰዓት፣ ማለትም አራት ዓመት ያህል፣ በባለሙያ ሥር የተሠራ ሥራ ነው። አንዳንድ ግዛቶች በውጭ አገር የተሠራውን ሰዓት በማስረጃ ይቆጥራሉ። ስለዚህ ከመሄድ በፊት ከቀድሞ አሠሪ የሥራውን ዓይነትና ዘመን በዝርዝር የሚያሳይ ደብዳቤ ማጻፍ ከአንድ ሻንጣ መሣሪያ ይበልጣል። ሌላው እንቅፋት ቋንቋው ነው፣ በተለይ በሬዲዮ የሚነገረው። በሬዲዮ አጭር ትእዛዝ ያልሰማ ሰው ሰምቻለሁ ብሎ ከመሄድ ይልቅ ደግሞ መጠየቁ ነውር የለውም፤ በ«ቫልቭ ዝጋ» እና በ«ቫልቭ ክፈት» መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቃል ነው።

ቺፍ ኢንጂነር የሆነ ሰው መፍቻውን በአብዛኛው ያስቀምጣል። ቀኑን የሚያሳልፈው በኮንትራት፣ በኃይል ክፍያ፣ በሠራተኛ ፈረቃና በትልልቅ ዕቃዎች መተኪያ ዕቅድ ላይ ነው። በሆቴል ሥራ የተለመደው አሠራር ከገቢው 4 በመቶ ገደማ ለዕቃና ለሕንፃ እድሳት ማስቀመጥ ነው። ይህን ገንዘብ ምንጣፍ፣ ጣሪያ፣ ቦይለርና ማቀዝቀዣ ይሻሙታል፤ እንግዳ የሚያየው ምንጣፍ ሁልጊዜ ጠበቃ አለው፣ በምድር ቤት ያለው ቦይለር ግን ከቺፍ ኢንጂነሩ በቀር የለውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ትልቅ ዕቃ መቼ እንደተገዛ፣ ስንት ጊዜ እንደተጠገነ፣ ስንት እንደወሰደና ስንት ዓመት እንደቀረው የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያዘጋጃል። የክፍል ማቀዝቀዣ 10 ዓመት ገደማ፣ ማዕከላዊ ማቀዝቀዣ በጥሩ አያያዝ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል። ለባለቤቱ «አርጅቷል» ማለት አይበቃም፤ ባለፈው ዓመት የወጣበት የጥገና ወጪ የአዲሱን ዋጋ ስንት በመቶ እንደደረሰ መናገር ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ዓመት በየክፍሉ የተሞላው የሥራ ትእዛዝ ቁጥር የሚሆነው እዚህ ነው፤ መዝገቡ የተዝረከረከ ሪዞርት ባለቤቱን የሚያሳምን ነገር የለውም።

ዕቅዱ የወቅቱንም አቆጣጠር ይከተላል። በፓይንኸርስት እንግዳ የሚበዛው በጸደይና በመኸር ነው፤ ጣሪያ መንቀል፣ ቧንቧ መለወጥ፣ ክንፍ መዝጋት ሁሉ በክረምት ይጨመቃል። እንደ አሜሪካ ኦፕን ያለ ውድድር ሲመጣ ደግሞ ዝግጅቱ ከዓመታት በፊት ይጀመራል፤ ለአንድ ሳምንት የሚቆሙ ድንኳኖች፣ ጊዜያዊ ጀነሬተሮች፣ የቴሌቪዥን ገመዶችና ተጨማሪ የውኃ መስመሮች ከነባሩ ሥርዓት ጋር መገጣጠም አለባቸው። እንዲህ ያለ ሳምንት ያለ ችግር ያሳለፈ ቺፍ ስሙ በሙያው ውስጥ ይዞራል።

ከዚህ ደረጃ በኋላ መንገዱ ይለያያል። አንዳንዱ የብዙ ሪዞርቶች የክልል ዳይሬክተር ይሆናል። አንዳንዱ የራሱን የማቀዝቀዣ ወይም የመስኖ ኮንትራት ድርጅት ከፍቶ የቀድሞ አሠሪውን ደንበኛ ያደርጋል። ብዙዎች ደግሞ ወደ ሆስፒታልና ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳሉ፤ እዚያ ያሉት ቦይለሮች፣ ጀነሬተሮች፣ የእሳት መከላከያዎችና የሌጅዮኔላ መዝገቦች ከሪዞርቱ የሚለዩት በጥብቅነታቸው ነው፤ ሰዓቱ የተረጋጋ ሲሆን ቅዳሜና እሑድም ብዙ ጊዜ ነፃ ነው። ከሜዳው ወገን የመጣ መካኒክ ወደ ማሽን አምራቾች የሽያጭና የጥገና ድጋፍ ሥራ ይሸጋገራል፤ ቶሮንና ጆን ዲርን የመሳሰሉት አምራቾች ምላጭ በወረቀት መሞከርን በእጁ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ።